አግደው ቧንቧ ሲከፍት

ጥሩአየሁ የባሏን ሕመም ያወቀችው በጆሮዋ ነው። አግደው መጸዳጃ ቤት በገባ ቁጥር በሩን ቆልፎ የእጅ መታጠቢያውን ቧንቧ ይከፍታል። ውኃው ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ አያባራም። መጀመሪያ ሰሞን ፊቱን የሚታጠብ መስሏት ነበር። ሲወጣ ግን ፊቱ ደረቅ ነው፤ እጁም ቢሆን ለይምሰል ያህል ነው የረጠበው። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ይመለሳል። በሩ ይቆለፋል፤ ቧንቧው ይከፈታል።

ቀስ በቀስ ገባት። ቧንቧው የሚከፈተው ሌላ ድምፅ እንዳይሰማ ነው። ይልቁንም ሌላ ድምፅ እንደሌለ እንዳይታወቅ ነው። ሰውዬው እዚያ ውስጥ ቆሞ ይጠብቃል፤ የሚጠብቀው ነገር ግን ቶሎ አይመጣም፤ ቢመጣም ጠብ ጠብ ብሎ ይቆማል።

ጥሩአየሁ ደግሞ ክፉ ክፉው ቀድሞ የሚታያት ሴት ናት። ልጇ አዲ ስልክ ሳታነሳ ከቀረች መኪና ገጭቷታል። አምቡላንስ እየጮኸ ካለፈ የሚሮጠው የልጅ ልጇ ኔታ ወደምትውልበት መዋያ ነው። አዲ ወታደር በነበረች ጊዜማ እናትየው ስልኳን በላስቲክ ጠቅልላ ገላዋን ልትታጠብ ስትገባ እንኳ ይዛው ትገባ ነበር። "እማ፣ አንቺ እኮ በቁሜ ስንት ጊዜ ቀበርሽኝ" ትላታለች አዲ እየሳቀች። ጥሩአየሁ ግን አትስቅም። ክፉው ሲመጣ ተኝታ እንዳያገኛት ነው የምትፈልገው።

ስልኩ የተደወለላት አንድ ጠዋት፣ በምትሠራበት የሕፃናት መዋያ ወጥ ቤት ድንች ስትልጥ ነው። አግደው የሚሠራው ከቂርያት ጋት ዳር፣ በኢንዱስትሪ ቀጠናው ውስጥ፣ የመስኖ ቱቦ በሚያመርት ፋብሪካ ነው። ማሽን ላይ ስልክ አይፈቀድም፤ ስለዚህ ለኩፓት ሆሊም፣ ለሚታከምበት ክሊኒክ፣ የሰጠው የሚስቱን ቁጥር ነው። የደወለችው ነርስ በዕብራይስጥ ቶሎ ቶሎ ስትናገር ጥሩአየሁ ቀስ እንድትልላት ለመነቻት።

ነገሩ እንዲህ ነበር። አግደው ለደም ግፊቱ ደም ሲሰጥ ሐኪሙ አንድ ሌላ ምርመራ ጨምሮ አዞ ነበር። ፕሮስቴት የሚባል ዕጢ ወደ ደም የሚለቀው ነገር አለ፤ የአግደው ከሚገባው በላይ ከፍ ብሎ ተገኘ። በዚህ ምክንያት የሽንት ቧንቧ ስፔሻሊስት እንዲያየው ቶር፣ ማለትም ቀጠሮ፣ ተይዞለት በቀጠሮው ቀን አልመጣም። ሌላ ቶር ተያዘለት፤ ያንንም ቀረ። አሁንስ ብንይዝለት ይመጣል ወይ ነው ጥያቄው። ጥሩአየሁ ምን ብላ እንደመለሰች አታስታውስም። የላጠችውን ድንች ከልጣጩ ጋር ቆሻሻ ውስጥ መጨመሯን ያየችው ኋላ ነው።

ያልተማረች ሴት አይደለችም። ጎንደር ሳለች አሥራ ሁለተኛን ጨርሳለች፤ ባዮሎጂ ትወድ ነበር። መጽሐፉ ውስጥ የወንድ ገላ ከጎን ተቆርጦ የተሣለበት አንድ ገጽ ነበረ። አስተማሪው እዚያ ሲደርስ ጉሮሮውን ጠረገና ይህን ቤታችሁ አንብቡት ብሎ ወደ ዕፅዋት ሥር አለፈ። ቤት ደግሞ ወንድሞቿ አሉ፣ አባቷ አሉ፤ ማን ደፍሮ ይገልጠዋል። አሁን ያ ገጽ ተመልሶ መጣባት። የሥሩን ሥዕል እስከ ዛሬ በቃሏ ትሥለዋለች፤ ይህን ያህል ዘመን አጠገቧ የተኛው ሰው ውስጡ ምን እንዳለ ግን አታውቅም።

በእረፍቷ ሰዓት ካርሜ ጋት፣ አዲሶቹ ፎቆች ውስጥ ለምትኖረው ለአዲ ደወለችላት።

"አባትሽ ፕሮስቴት የሚሉት አለበት" አለቻት፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

"እማ፣ እሱ እኮ በሽታ አይደለም። ወንድ ሁሉ አለው። እንደ ጉበት፣ እንደ ኩላሊት ነው። እዚህ አርሞኒት ነው የሚሉት።"

አዲ ከስልኳ እያነበበች፣ ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በዕብራይስጥ አስረዳቻት። ከፊኛ ሥር የተቀመጠች፣ የኮክ ዘር የምታክል ዕጢ ናት። ሽንት የሚወርድበት ቱቦ በመሀሏ ሰንጥቆ ያልፋል። ሥራዋ የወንድ ዘር የሚጓዝበትን ፈሳሽ ማዘጋጀት ነው፤ ፈሳሹ ዘሩን ይመግበዋል፣ መንገዱንም ያለሰልስለታል። ሰዓቱ ሲደርስ ጨምቃ ወደ ውጭ የምትገፋውም እሷ ናት፤ ያን ጊዜ የፊኛው በር ግጥም ብሎ ይዘጋል፣ ሽንትና ዘር እንዳይደባለቁ። "እንግዲህ እሷ ባትኖር እኔም የለሁም ማለት ነው" አለች አዲ፤ ወዲያው አፈረችና ቶሎ ብላ ቀጠለች። ወንድ ዕድሜው ሲገፋ ዕጢዋ ታድጋለች። ስታድግ በመሀሏ የሚያልፈውን ቱቦ ታንቀዋለች። ሽንት ቶሎ ቶሎ ይመጣል፤ ሲሄዱለት ደግሞ እንቢ ይላል። ደም ውስጥ ያለው ነገር ከፍ የሚለው በዚሁ በማደጓ ሊሆን ይችላል፤ በኢንፌክሽንም ሊሆን ይችላል፤ በካንሰርም ሊሆን ይችላል። ሳይመረመር የትኛው እንደሆነ አይታወቅም።

ጥሩአየሁ ከዚህ ሁሉ ይዛ የሄደችው የመጨረሻውን ነው።

ማታ እራቱን አቅርባለት እስኪበላ ጠበቀች። ልጆች ወልደዋል፣ ድረዋል፣ የልጅ ልጅ አይተዋል፤ ከወገብ በታች ያለውን ነገር ግን በስሙ ጠርተውት አያውቁም። ክሊኒኩ መደወሉን ብቻ ነገረችው። አግደው ምንም አልሆንኩም አለ። ታዲያ ለምን ቀጠሮውን ቀረህ አለችው። ተነስቶ እጁን ታጠበ፤ ተመልሶ ተቀመጠ።

"ጓንት አጠለቀ" አለ በመጨረሻ።

"ማን?"

"የሰፈሩ ሐኪም ነዋ። ደሙን ካየ በኋላ በጣቴ ልዳስስህ፣ ዞረህ ተኛ አለኝ። እኔ ነኝ፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ ለወንድ ዞሬ የምተኛ? ሱሪዬን ይዤ ወጣሁ።"

ቀጥሎ የተናገረው የባሰ ነበር። ፋብሪካ ውስጥ ከጎኑ ማሽን ላይ የሚቆም ሻሃር የሚባል ልጅ አለ። የሻሃርን አባት ያንን ዕጢ ቆርጠው አወጡለት። ከዚያ ወዲያ ሰውዬው ሚስቱን በዓይኑ አያይም፣ እንደ ሕፃንም ጨርቅ ታስሮለት ነው የሚሄድ ብሎ ነግሮታል። አግደው ጃኬቱን አነሳ። "አልሰለብም" አለ፤ በሩን ቀስ ብሎ ዘግቶ ወጣ። ቢያላትመው ይሻላት ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ ጥሩአየሁ ማረፊያ አጣች። ያላየችውን ሁሉ ማየት ጀመረች። ባሏ ሻይ ትቷል። ውኃም የሚጠጣው ከንፈሩን ለማራስ ያህል ነው። ሰንበት ምኩራብ ሲሄድ ድሮ ፊት ነበር የሚቀመጠው፤ አሁን በሩ ሥር ነው። አንድ ቀን ከፋብሪካው ሰርቪስ መንገድ ላይ ወርዶ ቀሪውን በእግሩ እንደሄደ የሾፌሩ ሚስት ነገረቻት፤ ከሥራ ጓደኞቹ ጋር ተጣልቶ ነው ወይ ብላ ነበር የጠየቀቻት። ጥሩአየሁ አዎ አለች፤ ከእውነቱ ይልቅ ጠቡ ቀለላት።

ልብስ ስታጣጥፍ የሱን ሸሚዞች ለማን እንደምትሰጥ ታስባለች። ቆሻሻ ልትደፋ ስትወርድ ሕንፃው ሥር ያለውን መኪና ማቆሚያ በዓይኗ ትለካለች፤ ድንኳኑ ከገንዳዎቹ ራቅ ብሎ፣ ከመብራቱ ግንድ ወዲህ ቢተከል ለቀስተኛው ሁሉ ይበቃው እንደሆነ። ከዚያ ራሷን ትሰማና እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ ትላለች፤ ግን ድንኳኑን ከዚያ አታነሳውም።

አዲ ይዘሽው ሂጂ አለቻት፤ እንዴት አድርጌ አለች። እኔ ላናግረው አለች አዲ፤ አባትሽ በዕፍረት ይሞታል አለች ጥሩአየሁ። የቀረው አንድ መንገድ ነበር፤ ሽማግሌ ማስገባት። የአግደው ታላቅ ወንድም ጋሼ አያና እዚያው ከተማ ይኖራሉ። አግደው ለማንም አንገቱን ባይደፋ ለእሳቸው ይደፋል።

ደወለችላቸው። ለባሏ ወንድም ያንን ነገር በአፏ መጥራት ቸግሯት ዙሪያውን ስትዞር ቆየች፤ አሞታል፣ ሐኪም እንቢ ብሏል፣ ዝቅ ያለ ቦታ ነው፣ ሽንት ነገር ነው። ጋሼ አያና ሌላ አልጠየቁም። ገባኝ፣ ገባኝ አሉ፤ ቶሎ ነው የገባቸው። ችግሩ ሰዓቱ ነበር። ጋሼ አያና ሌሊት ሌሊት ዘበኛ ናቸው፤ ቀን ይተኛሉ። አግደው ደግሞ ገና ሳይነጋ ሰርቪሱ ይመጣለታል፤ ማታ ሲመለስ ወንድምየው ወደ ሥራ ሄደዋል። ስለዚህ ጋሼ አያና ከጥበቃ ሲወጡ፣ አባ ረዳን ወደ ጠዋት ጸሎት ሲሄዱ ይዘዋቸው በዚያው ብቅ ሊሉ ተስማሙ። አባ ረዳ ጎንደር ሳሉም እዚህም ባልና ሚስት ሲያስታርቁ የኖሩ ሰው ናቸው።

"ብቻዎን እንዳይሆኑ ብዬ ነው፣ ጋሼ" አለች ጥሩአየሁ።

"ግድ የለሽም። ሰብሰብ ብለን እንመጣለን" አሏት።

በዚያ ጠዋት ብርዱ የሚያንቀጠቅጥ ነበር። አግደው ጃኬቱን ለብሶ፣ የምሳ ዕቃውን ይዞ ሊወጣ ሲል በሩ ተንኳኳ። ሲከፍተው ወንድሙ ጋቢ ተከናንበው ቆመዋል፤ ከኋላቸው አባ ረዳ፣ እሳቸውም ጋቢያቸውን ደርበዋል። ዝቅ ባለ ድምፅ እንዴት አደራችሁ ብለው ገቡ። ሶፋው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ጋሼ አያና ለእንዲህ ያለ ነገር መግቢያ የሚሆን ቃል ፍለጋ መሬት መሬቱን ያያሉ። አባ ረዳ ሲሆን ሲሆን ወንድምየው ይጀምር ብለው ዝም አሉ።

አግደው እንደቆመ ቀረ። ወንድሙን አየ። አባ ረዳን አየ። ገና ያልነጋውን መስኮት አየ። ከዚያ ወደ ሚስቱ ዞረ፤ ጥሩአየሁ ግድግዳ ተደግፋ፣ ሳምንቱን ሙሉ የያዘችው እንባ ያን ጊዜ አምልጧት እየወረደ ነበር።

"መቼ ነው?" አለ።

ምን እንደሚጠይቅ አልገባቸውም።

"እናቴ መቼ ነው ያረፈች?"

ጥሩአየሁ ያን ጊዜ ነው የሠራችውን ያየችው። ሞት በስልክ አይነገርም። ዘመድና ሽማግሌ ተጠራርቶ፣ ሳይነጋ፣ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ በር ያንኳኳል፤ ገብቶ ይቀመጣል፤ ያቀረቅራል። እሷም ይህን እያወቀች ነው ያደገችው፣ ለሌላ ሰው መርዶ ይዛ ሄዳለች። በዚያ ሳምንት ግን ጭንቅላቷ ውስጥ ከአንዲት ዕጢ በቀር ሌላ ነገር የሚቀመጥበት ቦታ አልነበረም። የአግደው እናት እማማ ደጊቱ ጎንደር ናቸው፤ ወደ እስራኤል መግቢያ ፈቃድ ሲጠብቁ ዓመታት አልፈዋል። አግደው ዓርብ ዓርብ ሰንበት ሳይገባ ይደውልላቸዋል፤ ስልኩን በዘጋ ቁጥር የሚላት አንድ ነገር ነው፤ ሳላያት እንዳትሞትብኝ ነው የምፈራ።

ማንም አልሞተም ልትል አፏን ከፈተች፤ አግደው ግን ተንበርክኮ ደረቱን እየመታ፣ እምዬ፣ እምዬ ሳላይሽ እያለ ነበር። የምሳ ዕቃው ወድቆ ምስር ወጡ ምንጣፍ ላይ ፈሰሰ። ከላይኛው ፎቅ የምትኖረው ሙሉሽ ቢሮ ልታጸዳ ስትወርድ ሽማግሌዎቹን ደረጃው ላይ አይታቸው ኖሯል፤ ለቅሶውን ስትሰማ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ዋይታውን ከበሩ ጀምራ ገባች። ጥሩአየሁን አቅፋ ጥቂት ካለቀሰች በኋላ ጆሮዋ ሥር ጠጋ አለች።

"ማን ነው የሞተው?" ብላ ጠየቀቻት።

ጋሼ አያና ተነስተው አልሞተችም፣ ደህና ናት ብለው ወንድማቸውን በትከሻው ያዙት። አግደው አላመነም። መርዶ የሚያረዳ ሰው መጀመሪያ ደህና ናት ይላል፤ ቀጥሎ ትንሽ አሟት ነበር ይላል፤ እውነቱን የሚያወጣው በመጨረሻ ነው። ጭንቅላቱን እየነቀነቀ አትደብቁኝ፣ አትደብቁኝ ይላል። ጥሩአየሁ ስልኩን አወጣችና ጎንደር ደወለች፣ በምስል።

ስልኩ ጮኸ፣ ጮኸ። በዚያች ቅጽበት ውስጥ ጥሩአየሁ ሌላ ነገር ታያት፤ ሳያነሱት ቢቀሩስ። በዚሁ ሌሊት እውነትም አርፈው ቢሆንስ። ሞቱ እሷ ጠርታው የመጣ ቢሆንስ።

ተነሳ። እማማ ደጊቱ በምስል መሆኑን አላወቁም፤ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጥፈውታል። ስክሪኑ ላይ የታየው አንድ ትልቅ ጆሮና ጥቂት ነጭ ፀጉር ነው። አግደው ያንን ጆሮ በሁለት እጁ ይዞ ቀረ።

"እምዬ፣ አለሽ?"

"አለሁ እንጂ፣ ወዴት እሄዳለሁ። ፈቃዱ መጣ እንዴ?"

የሙሉሽ ሲቃ ብቻ ይሰማል።

"ማን ነው የሚያለቅሰው?" አሉ እማማ ደጊቱ።

"እኔ ነኝ እማማ፣ ሙሉሽ፣ ጎረቤታቸው።"

"ማንን ነው የምታለቅሽው?"

"እርስዎን ነበር፣ እማማ።"

ጆሮው ከስክሪኑ ራቅ አለና ጥርስ የሌለው ሳቅ ተሰማ። ምነው ልጄ፣ ትንሽ ብትታገሽኝ አሉ። አባ ረዳ በጋቢያቸው አፋቸውን ያዙ። አግደው እየሳቀ ነው ወይስ እያለቀሰ መለየት አይቻልም ነበር፤ ትከሻው ብቻ ይነቃነቃል። ጥሩአየሁ አሁን ካልተናገርኩ መቼም አልናገርም ብላ ስልኩን ከእጁ ወሰደች።

"እማማ፣ ሽማግሌ የጠራሁ እኔ ነኝ። የታመመው ልጅዎ ነው። ሽንቱ ይከለክለዋል። ደሙ ላይ ክፉ ምልክት አይተው ሐኪም ይዳስስህ ቢሉት እንቢ አለ። ፕሮስቴት ነው የሚባለው።"

ቃሉ በወንዶቹ ፊት ከአፏ ወጣ፤ ጣሪያው ግን አልተደረመሰም። እማማ ደጊቱ ስልኩን ወደ ሌላው ጆሯቸው አዛወሩት።

"አግደው" አሉ።

"አቤት፣ እምዬ።"

"እኔ ከዚህ ምኩራብ ደጅ ይህን ሁሉ ዘመን የምጠብቅ ማንን ላይ ይመስልሃል? አገሩን ነው? በዚህ ዕድሜዬ አገሩን ምን አደርገዋለሁ። አንተን ላይ ነው። ፈቃዱ መጥቶልኝ አንተ ከሌለህ፣ እኔ ወርጄ ከማን ቤት ነው የምገባ?"

አግደው ስልኩ ከተዘጋ በኋላም እዚያው ምንጣፉ ላይ፣ ከምስሩ አጠገብ ተቀምጦ ቆየ። ውጭ የፋብሪካው ሰርቪስ ጥሩምባውን ነፋ፤ ደግሞ ነፋ፤ ከዚያ ትቶት ሄደ።

ቀድመው የተናገሩት ጋሼ አያና ናቸው። ሲጀምሩ ወንድማቸውን አላዩትም፤ ያዩት የነበረ ጫማቸውን ነው። "ባለፈው ዓመት ወገቤን አሞኝ ሆስፒታል ተኛሁ ያልኋችሁ" አሉ፣ "ወገቤን አልነበረም።"

አግደው ቀና አለ።

ጋሼ አያና በተቆራረጠ ንግግር አወጡት። የሳቸው ዕጢ አድጋ ሽንታቸው ጨርሶ ተዘግቶ ነበር። በአምቡላንስ ተወስደው በላስቲክ ቱቦ ሽንቱን አወጡላቸው፤ ኋላም በሽንት መውረጃው በኩል ገብተው ቱቦውን ያነቀውን ሥጋ ጠረቡላቸው። ለሰው ምን ይባላል ብለው ወገብ ነው አሉ፤ ለወንድማቸውም ጭምር።

"ከዚያስ?" አለ አግደው።

"ከዚያማ እንደ ልጅ እሸናለሁ።"

"እሱን አይደለም የምጠይቅህ። ከኔ ጋር የሚሠራው የሻሃር አባት ካወጡለት ወዲህ ሚስቱን በዓይኑ አያይም።"

ጋሼ አያና ሴቶቹን አዩ። ሙሉሽ ጨዋ ናትና ወደ መስኮቱ ዞረች፤ ጆሮዋ ግን አልዞረም።

"እሱም አለ" አሉ ጋሼ አያና። "ዘሩ ወደ ውጭ መምጣቱን ትቶ ወደ ፊኛ ይመለሳል፤ ሌላው እንዳለ ነው። እኔስ በዚህ ዕድሜ ዘሩን ምን ላደርገው ነው? የሻሃር አባት ያወጣው ሙሉውን ነው፤ ያ ሌላ ነው፣ ክፉው ሲገኝ ነው። የአንተ የትኛው እንደሆነ እኔም አላውቅ፣ አንተም አታውቅ። ጓንቱን ነው የፈራኸው? ጓንቱ የጫማህን ክር አስረህ ሳትጨርስ ያልቃል።"

አባ ረዳ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እኔ ገና አልተጠረብኩም" አሉ እንደ ቀላል ነገር። "እንክብል ነው የሚሰጡኝ፣ ማታ ማታ።"

አግደው ካንዱ ሽማግሌ ወደ ሌላው እያየ ቆየ። "እና ሰንበት ሰንበት በሩ ሥር እኔ አጠገብ የምትቀመጡት..." አለ፤ አልጨረሰውም። መጨረስም አላስፈለገውም። ከዚያ ተነስቶ ምስሩን ከምንጣፉ ላይ መጥረግ ጀመረ፤ ጥሩአየሁ ጨርቁን ልትቀበለው ስትል አልሰጣትም። ቀጠሮውን አስይዢልኝ አላት፣ ወደ መሬት እያየ።

በቀጠሮው ቀን አዲ ላስተርጉም ብላ ከሥራ ቀርታ ልትመጣ ነበር፤ ወላጅ ሐኪም ዘንድ ሲሄድ ልጅ ማስተርጎሙ የተለመደ ነው። አግደው ግን ልጄ ፊት አይሆንም አለ። ጥሩዬ ትግባ፣ የሷ ዕብራይስጥ ይበቃኛል። ስፔሻሊስቷ ወጣት ሴት ሆና ስትገኝ ጥሩአየሁ አሁን ሱሪውን ይዞ ይወጣል ብላ በሩን አየች። አግደው ጥቂት ቆመ። ወንድ ሲሆን ነው የሚያሳፍር ብሎ በአማርኛ አጉረመረመና ወደ መጋረጃው ጀርባ ሄደ። እሷ ከዚህ ወዲህ ቦርሳዋን ጨብጣ ስትጠብቅ፣ ቶሎ አለቀ፤ ጋሼ አያና እንዳሉት። ሐኪሟ ዕጢው ማደጉን፣ አንድ ጎኑም ጠጠር ማለቱን ነገረቻቸው። ምስል ተነሳ፤ ከዚያም በመርፌ ናሙና ተወሰደ። የላቦራቶሪውን መልስ ጠብቁ ተባሉ።

መጠበቁ ከሁሉም ከፋ። ጥሩአየሁ ስልክ በጮኸ ቁጥር ትደነግጣለች፤ ሳይጮህ ሲቀርም ትደነግጣለች። ዘግይቷል ማለት ክፉ ነው፤ ፈጥኖ ቢመጣም ክፉ ነበር። መኪና ማቆሚያው ላይ ድንኳኑ እየተተከለ ይነቀላል። አግደው ሥራውን ይሄዳል፣ ይመጣል፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ጫማውን ሲያወልቅ፣ ፈርቻለሁ እኮ አላት። ሁለተኛውን ጫማ እሷ አወለቀችለት።

መልሱ ሲመጣ ሐኪሟ ቀስ እያለች ተናገረች። የሽንቱ መከልከል ዕጢው በማደጉ ነው፤ ለዚያ እንክብል ይጀምራል። ከናሙናዎቹ በአንዱ ውስጥ ግን ትንሽ ካንሰር ተገኝቷል። ቀስ ብሎ የሚሄድ ዓይነት ነው።

ጥሩአየሁ ወንበሩን ያዘች። "መቼ ነው የምታወጡለት?" አለች።

"አሁን አናወጣም" አለች ሐኪሟ። "እንከታተለዋለን። ደሙን በየጊዜው እናያለን፣ ምስሉንም እንደግማለን። ከተነሳ እንቀድመዋለን። ካልተነሳ ግን ብናወጣው የምንጎዳው ይበልጣል።"

"እና አለ ወይስ የለም?"

"አለ። ብዙ ወንድ ከሱ ጋር ያረጃል፤ በሌላ ነገር ይሞታል። ክትትሉን እንዳትተዉ ብቻ።"

ጥሩአየሁ ለአግደው በአማርኛ ደገመችለት፤ አንድም ቃል አልቀነሰችም፣ አንድም አልጨመረችም። ለክፉው ተዘጋጅታ ነበር። በድብቅ፣ ለራሷም ሳትነግር፣ ምንም የለበትም ለሚለውም ተዘጋጅታ ነበር። ለዚህ ለመሀለኛው ግን ምን እንደሚደረግ አታውቅም። ድንኳኑን አትተክለው፣ አታጥፈው። አግደው ሰምቶ ሲጨርስ ለእናቴ ዓርብ ምን ልበላት ብሎ ጠየቃት። ሄጃለሁ በላት አለችው።

ማታ እራት በልተው ሲያበቁ አግደው እንክብሉን ዋጠ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ሻይም ጠየቀ። ሳህኑን እያጠበች ሳለ ወደ መጸዳጃ ቤት ሲሄድ ሰማችው። በሩ ተዘጋ። ጥሩአየሁ እንደ ልማዷ እጇ ላይ ያለውን አስቀመጠችና የቧንቧውን ድምፅ ጠበቀች።

ቧንቧው አልተከፈተም። ዝም አለ፤ ረጅም ዝምታ ነበር። ከዚያ ቀጭን ድምፅ መጣ፤ ቆመ፤ ደግሞ መጣ።

"ጥሩዬ" አለ ከውስጥ።

"አቤት።"

"እየሰማሽ ነው?"

"አዎ" አለችው።

"ውኃው በከንቱ ይፈሳል ብዬ ነው ያልከፈትኩት" አለ።

ጥሩአየሁ ወጥ ቤቱ ውስጥ እንደቆመች ናት፤ ድምፁ ሲቆም ትንፋሿን ትይዛለች፤ ሲቀጥል ትለቀዋለች።